ካንድ እጅ የምትጎርስ ጠመንጃ

አባዬ ጋሼ ገላውን ሊገድላቸው እንደሆነ የደረስኩበት የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ በተከራየነው ቤት ምድር ቤት ውስጥ አባዬ አንድ የሥራ ጠረጴዛ ነበረው፤ እናቴ ሥራ ገብታ እሱ ሲጠብቀኝ እኔ ደረጃው ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ የሚለውን ሁሉ እሰማለሁ። የዚያን ቀን ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል ሰክቶ፣ በእጁ የያዛትን ቢጫ ነገር በጨርቅ እየወለወለ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«የገላው ዳይ ነገ ይደርሳል። ይምጣ ብቻ! አንገቱን አነቅ፣ ትከሻውን ገፋ አደርግና ልክ አስገባዋለሁ።»

እግሬ ባለበት ቀረ።

እኔ እንግዲህ እዚሁ አሜሪካ የተወለድኩ ነኝ። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነበር፤ ብይ፣ ተኚ፣ ጫማሽን አውልቂ። «ዳይ» የምትለዋን ግን ከትምህርት ቤት ነው የማውቃት፤ የክፍላችን ሃምስተር፣ አይጥ መሳዩ የቤት እንስሳችን፣ በዚያ ሰሞን ዳይ አድርጎ ቲቸራችን ሳትቀር አልቅሳለች። ስለዚህ የጋሼ ገላው ሞት ነገ በፖስታ ይመጣል ማለት ነው። ሲመጣ አባዬ አንገታቸውን ያንቃል፣ ትከሻቸውን ይገፋል፣ ከዚያ ልክ ያስገባቸዋል። ልክ ማስገባት ምን እንደሆነ ደግሞ እኔን ነበር መጠየቅ! እናቴ «ቆይ ልክ ባላስገባሽ!» ካለች የማን ጆሮ እንደሚጠመዘዝ አውቃለሁ።

ዛሬ ዳይ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ውስጡ የተቦረቦረ ወፍራም ብረት ነው፤ ተተኩሶ ያበጠ ቀለህ እሱ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። ቀለህ ማለት ባሩዱንና አረሩን የሚይዘው ነሐስ ነው፤ እሱም እንደ ሰው አንገትና ትከሻ አለው። አባዬ ያወራ የነበረው ስለ ጋሼ ገላው ጠመንጃ ጥይት ነው። ጋሼ ገላውንማ እንደ ወንድሙ ነበር የሚወዳቸው።

አባዬ፣ ክፍሉ ነው ስሙ፣ በሥራ ቀን ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ቦይለርና ኤሲ ይጠግናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እዚያው አሌክሳንድሪያ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ይሄዳል፤ የነፍሱ ሥራ እሱ ነበር። ከፋብሪካ የሚወጣ ጠመንጃ የማንም ጥይት እንዲገባበት ሰፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ለሁሉ ይሁን ተብሎ እንደተሰፋ ዩኒፎርም። አባዬ ይሄን አይወድም። እሱ መጀመሪያ ቀለሁን ይመርጣል፤ ከዚያ ዳዩን ከነልኩ ከካታሎግ ይመርጣል፤ የሁለቱን ልክ ይዞ ሲያበቃ ነው ጥይቷ የምትተኛባትን ክፍል፣ ቻምበሯን፣ በነሱ ልክ የሚነድፋት። «ሰው ግልባጩን ይሠራል» ይል ነበር፤ «ጫማውን ገዝቶ እግር ፍለጋ!» እንዲህ ሲል ፊቱ ይበራል። እናቴ ታደለች ደግሞ «አሁን ይሄ ራት ይሆናል?» ትለዋለች።

ጋሼ ገላው ታክሲ ነጂ ነበሩ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ በየኅዳሩ አጋዘን አደን የሚሄዱ። አሌክሳንድሪያ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ በሚያመልክ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን አብረን ነን፤ እናቶቹ «ወንድም ገላው፣ ዘንድሮስ ሥጋ ነው ወይስ እንደ አምናው ወሬ?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እኔን ትርሲት ብለው ጠርተውኝ አያውቁም፤ «እመቤቲቱ» ነበር የሚሉኝ። እንዴት ተደርጎ ነው እኚህ ሰው አንገታቸው የሚታነቀው?

በማግስቱ ከስኩል ባስ ስወርድ ሳጥኑ በራችን ላይ ተቀምጧል። አባዬ ሻወር ውስጥ ነው። አነሳሁት። ከጡጫዬ ትንሽ ቢተልቅ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ሲወዛወዝ ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሞት እንዲህ ትንሽ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለእናቴ ብነግራት አባዬን ፖሊስ ይወስደዋል። ዝም ብል ጋሼ ገላው አለቀላቸው። የመጣው ይምጣ ብዬ ሳጥኑን እናቴ ከአገር ቤት ባመጣችው ሻንጣ ውስጥ፣ ከነጠላዎቹ ሥር ቀበርኩት።

አባዬ ሳጥኑን ፍለጋ አገር ምድሩን አመሰው። «ደርሷል ይላል እኮ! ታዲያ ማን ዋጠው?» እያለ ፖስታ ቤት ደወለ፣ ጎረቤት አንኳኳ። እኔን ሲጠይቀኝ «አይ ዶንት ኖው» አልኩት። በእንግሊዝኛ መዋሸት ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ጋሼ ገላው ጠመንጃቸውን ሊያዩ መጡ። በሕይወት ሳያቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ተጠመጠምኩ።

«ኧረ እመቤቲቱ! ዛሬ ምን ተገኘ?» አሉና አቀፉኝ።

አባዬ ጠመንጃዋን ከከረጢቷ አውጥቶ ሰጣቸው። ጋሼ ገላው አገላብጠው አዩዋት፣ ዳበሷት።

«ክፍሌ፣ ምን አደረግህብኝ? የማውቃትም አትመስል!»

«ቻምበሯን እንደ አዲስ ነው የቀረጽኩልህ። ከእንግዲህ ከእኔ እጅ ብቻ ነው የምትጎርሰው።»

«አሃ! ተቀብራራችብኛ!»

እናቴ ከላይ ሆና «እኔን አጉርሶኝ የማያውቀው ሰውዬ ጠመንጃ ያጎርስ ጀመር? ወይ ጉድ!» አለች፤ ሦስቱም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከአባቴ እጅ ብቻ የምትጎርስ ጠመንጃ፤ አፏን ከፍታ ስትጠብቀው ታየኝ።

«ጥይቷስ?» አሉ ጋሼ ገላው።

«ዳዩ ጠፋብኝ ገላው። ቀለሁን ልጌ አስተካክዬ ጨርሻለሁ፣ ያለ ዳዩ ግን አይሆንም። ሌላ አዝዣለሁ፤ ትንሽ ታገሠኝ።»

«አደኑ እኮ ሊከፈት ነው!»

«ታገሠኛ!»

«እሺ። ቢያንስ እኔ ቤት ትደር፣ እያየኋት ልጠብቅ።»

አባዬ አመነታ። አፉን ከፈት አደረገ፣ መልሶ ገጠመው፤ ጠመንጃዋን ከረጢቷ ውስጥ መልሶ ሰጣቸው። ያቺን ማመንታት ዛሬም ደጋግሜ አያታለሁ። ያኔ ግን የመሰለኝ ወዳጁን ለመግደል ልቡ እምቢ ያለው ሰው ነው፤ ሳጥኑን በመደበቄም ደረቴን ነፋሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሰዓት ላይ፣ የእናቴ ስልክ ጮኸ። «ውይ! ውይ ጌታዬ! ዓይኑን?» እያለች ግድግዳውን ተደገፈች። ጋሼ ገላው ጫካ ውስጥ ሲተኩሱ የባሩዱ ጋዝ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀኝ ዓይናቸውን መቷቸዋል፤ ሆስፒታል ገብተዋል። አባዬ ይትረፍ ይሙት ብሎ አልጠየቀም።

«በየትኛው ጥይት ነው የተኮሰው?» አለ።

«እኔ በምን አውቃለሁ! ከሱቅ ገዝቶ ነው አሉ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው አሁን?»

አባዬ ደረጃው ላይ፣ እኔ በምቀመጥበት ቦታ፣ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድለት አለ። እናቴ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ወይ ፍንክች።

እኔ ነገሩ ግራ ገባኝ። ሞቱን ደብቄው የለ? በየት ዞሮ መጣባቸው? መልሱን ያገኘሁት እሑድ ነው። ፓስተሩ «ስለ ወንድማችን ገላው ዓይን ጌታን እንለምን» ብሎ ጉባኤው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጸልይ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት ለሌላዋ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «ክፍሉ ሊሠራለት ነበር አሉ እኮ ጥይቱን። አንድ ዕቃ በፖስታ ጠፍቶበት ነው። እሱ ባይጠፋ ከሱቅ አይገዛም ነበር።»

ጉባኤው አሜን አለ። ሰውዬውን ያሳወርኳቸው እኔ ነኝ።

ቤት እንደገባን ሳጥኑን ከነጠላዎቹ ሥር አውጥቼ ምድር ቤት ወረድኩ። አባዬ ጠረጴዛው ላይ ምንም ሳይሠራ ተቀምጧል። ሳጥኑን ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«እኔ ነኝ የደበቅኩት» አልኩት። «ጋሼ ገላው ዳይ እንዳያደርጉ ብዬ ነው።»

ሳጥኑን አየ፤ እኔን አየ። ሳጥኑን እንደገና አየ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት፤ ሳብ አደረገኝና ጉያው ውስጥ ከተተኝ።

«በቃ። በቃ የኔ ልጅ። ይሄን ነገር ሆድ ይፍጀው፣ እሺ? ለእማዬም፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

የዚያን ቀን አባዬ ራት በላ። እናቴ ደስ ብሏት ደግማ ጨመረችለት። እኔ ይቅር ስላለኝ የበላ መሰለኝ። አባቴ ምን ያለ ሰው ነው፣ ጥፋቴን ዋጠልኝ አልኩ። «ሆድ ይፍጀው» ያለኝን ደግሞ ቃል በቃል ነው የያዝኩት፤ ለወራት ሆዴን ሲያቃጥለኝ፣ እናቴ ሐኪም ቤት ስታመላልሰኝ፣ ሐኪሙ ምንም የለባትም ሲል፣ እኔ ነገሩ ሥራውን እየሠራ ነው ብዬ ቻልኩት።

የጋሼ ገላው ቀኝ ዓይን አልዳነም። ታክሲውን ተዉት፤ አሌክሳንድሪያ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት መቁረጥ ጀመሩ። ከእኛ ቤት ግን አልቀሩም፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጥተው ይበላሉ፣ ይስቃሉ። አባዬ ጠመንጃ መሥራቱን እርግፍ አድርጎ ተወ። እኔ ደግሞ የሳቸው አገልጋይ ሆንኩ። ውሃ ሲጠማቸው ቀድሜ የማውቀው እኔ፣ ኮታቸውን የምሰቅል እኔ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ ኢሚግሬሽን፣ የትም የምወስዳቸው እኔ። የቤተ ክርስቲያን ሰው «ምን ያለች የተባረከች ልጅ!» ይላል። ያ ምርቃት እንዴት እንደሚጎመዝዝ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባለፈው ጸደይ ነው ነገሩ የፈነዳው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ፎልስ ቸርች ከተማ፣ ዓይን ሐኪማቸው ዘንድ ወስጄ እየመለስኳቸው፣ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ ጋሼ ገላው ዞር ብለው በደህናው ዓይናቸው አዩኝና፦

«እመቤቲቱ፣ አንቺ ልጅ ፈተና የለሽም? ጓደኛ የለሽም? ምን ብዬሽ ነው እንዲህ የምትደክሚልኝ?» አሉኝ።

አለቀስኩ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጥሩምባውን ሲነፋ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገብቼ አቆምኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ስልኩን፣ ዳዩን፣ ሻንጣውን። ጋሼ ገላው መጀመሪያ ሳቁ። ዳይን ሞት ነው ያልኩበት ላይ ሲደርሱማ ዳሽቦርዱን እየመቱ ነው የሳቁት። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«እና ይሄን ሁሉ ዘመን እኔ ነኝ እያልሽ ኖርሽ?»

«እኔ ነኛ!»

«ሳጥን ስለጠፋ የሰው ዓይን አይጠፋም፣ ልጄ። ስሚኝ። አባትሽ ያቺን ቻምበር አንገቷ ላይ አጥብቧታል። እሱ ራሱ ልጎ ያሳሳው ቀለህ ነው የሚሆናት። የሱቁ ጥይት አንገቱ ወፍራም ነው፤ ሲተኮስ የሚሰፋበት ቦታ አጣ፣ አረሩን አልለቅ አለ፣ ግፊቱ ወደ እኔ መጣ። ሳጎርሳት ጠበቅ ብላኝ ነበር፤ አዲስ ስለሆነች ነው ብዬ በመዳፌ ገፋኋት። እንዲህ ያለ ጠመንጃ አፈሙዙ ላይ የቀለሁ አንገት ልክ ይቀረጽበታል፤ የሙያው ደንብ ነው። ሆስፒታል ሳለሁ ፈረንጁ ሽማግሌ መጥቶ ነው የነገረኝ። የኔ ላይ ግን ምንም አልተቀረጸም። በአፉም አልነገረኝም። ጠባብ ናት ቢለኝ ኖሮ እጠብቀው ነበር፤ ካልሆነም የሌላ ሰው ተውሼ እሄድ ነበር።»

«ለአባዬ ይሄን ነግረውታል?»

«ምን ብዬ? እሱ እንዲነግረኝ ነዋ የምጠብቀው። ዓይን እንደሆነ አንዱም ይበቃል። አንዲት ቃል ናት የቀረችው፤ 'ገላው፣ ጥፋቱ የኔ ነው' እንዲለኝ። ሁልጊዜ እሑድ ስመጣ ዛሬ ይል ይሆናል እላለሁ።»

እሳቸውን አድርሼ በቀጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳሁ። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። አባዬ ግቢው ውስጥ ሣር እያጨደ ነበር። ሲያየኝ ማጨጃውን አጠፋ።

«የጋሼ ገላውን ጠመንጃ ነገር ደረስኩበት» አልኩት። «ልኩን አልቀረጽክባትም። አልነገርካቸውምም።»

«ነግሬዋለሁ! ከእኔ እጅ ብቻ ነው የምትጎርሰው አላልኩትም? አንቺም ነበርሽ እኮ!»

«ነበርኩ። ስቀን ነበር።»

ማጨጃው ላይ ተደገፈ። ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ቢያውቅ አይፈቅድልኝም ነበር» አለ። «ገላው የፈለገው አጋዘን የሚጥልበት ጠመንጃ ነው። ለሱ ያ ሁሉ ጥበት ምን ይሠራለታል? ሠርቼ ማየት የፈለግኩት እኔ ነኝ። የራሴ ጠመንጃ አልነበረኝም። ሽማግሌው ቁጥሩን ቅረጽበት እያለ ጨቀጨቀኝ፤ ገላው አይቶ ምንድን ነው እንዳይለኝ ነገ፣ ነገ አልኩት። ጥይቱን እኔ እስከሰጠሁት ድረስ ምን ይመጣል አልኩ። ስሰጠው ልነግረው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«ሳጥኑን ይዤልህ ስመጣ አውቀህ ነበራ። በየትኛው ጥይት ብለህ ስትጠይቅ ሁሉንም አውቀህ ነበር።»

«አንቺ ነሽ ብዬሽ አላውቅም፣ ትርሲት።»

«አይደለሽምም ብለኸኝ አታውቅም!»

ጎረቤታችን መስኮት ላይ ብቅ አለች፤ ስንጮህ ነበር ለካ። አባዬ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«ያን ቀን እፎይ ነው ያልኩት» አለ። «ጌታ ያውቃል፣ እፎይ አልኩ። የሚጋራኝ ሰው አገኘሁ አልኩ። ትንሽ ልጅ ናት፣ ነገ ትረሳዋለች ብዬ።»

እኔ ይቅር ብሎኝ የበላ የመሰለኝ ራት እሱ ነበር። አባቴን እንደዚያን ሰዓት ጠልቼው አላውቅም፤ እንደዚያን ሰዓት አሳዝኖኝም አያውቅም። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያስተማረኝ የለም።

«ግባ መኪና ውስጥ» አልኩት።

«ወዴት?»

«አሌክሳንድሪያ። ለጋሼ ገላው ትነግራቸዋለህ።»

«ምን ዓይን አለኝ? ዛሬ ቢያውቅ ፊቴን ማየት...»

«ያውቃሉ እኮ አባዬ! ሆስፒታል ሳሉ ጀምሮ ያውቃሉ።»

«ያውቃል?» አለ። «እኛ ቤት ሲበላ፣ ሲጠጣ... እያወቀ?»

«እያወቁ። አንተ እስክትነግራቸው እየጠበቁ።»

ሣር እንደነካው፣ በሥራ ጫማው፣ መጥቶ ገባ። ቤልትዌዩን፣ የቀለበት መንገዱን፣ ይዤ ነዳሁ። ዊልሰን ድልድይ ላይ ስንደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እሱ ጋ ሳንደርስ» አለ፤ «መጀመሪያ ላንቺ ልበል። ጥፋቱ የኔ ነው። ያንቺ አልነበረም። አውቄ ነው ያሸከምኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ «ምንም አይደል» ይባላል፤ እናቴ ያስተማረችኝ እንዲህ ነው። ላፌ ቅርብ ነበር። አባዬ እንድለው ይጠብቃል፤ በጎን ሳየው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። እኔ ግን አላልኩትም። አልችል አልኩ።

ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያስወጣውን መንገድ ያዝኩና ጋሼ ገላው በር ላይ አቆምኩ። «ውረድ» አልኩት። ወርዶ ብቻውን ደረጃውን ሲወጣ፣ በሩን ሲያንኳኳ፣ ጋሼ ገላውም ከፍተው ሲያዩት፣ እኔ ሞተሩን ሳላጠፋ ከመኪናው ሆኜ አየሁ።